ከገላን እስከ ናይሮቢ፦ ወደ ውጭ ገበያ የሚወጣ ፋብሪካ መዋቅሩን እንዴት ያዘጋጅ?

ከአቃቂ ቃሊቲ ተነስቶ በገላን በኩል እስከ ዱከም በሚዘልቀው መስመር፣ እንዲሁም በሰበታ፣ በቡራዩና በለገጣፎ፣ በባለቤቶቻቸው ጥረት ከትንሽ ተነስተው የአገር ውስጥ ገበያን ለዓመታት ሲያገለግሉ የቆዩ ብዙ መካከለኛ ፋብሪካዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ምርቱን ወደ ውጭ ለመላክ ሲነሳ ማሸጊያውን ያሳምራል፣ የጥራት ሰርተፍኬት ያወጣል፣ ገዢ ያፈላልጋል፣ ከባንክ ጋር ይነጋገራል። ድርጅቱ ራሱ ግን ሳይዘጋጅ ይቀራል። ማን፣ ስለ ምን ጉዳይ፣ እስከ ምን ያህል ገንዘብ ድረስ መወሰን እንደሚችል በጽሑፍ ሳይቀመጥ የመጀመሪያው ኮንቴይነር ይጫናል፤ ችግሩ የሚታየው ሁለተኛውና ሦስተኛው ትዕዛዝ ሲመጣ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ያንን ክፍተት አስቀድመው መዝጋት ለሚፈልጉ ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጆች ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ገላን ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ቅመማ ቅመም የሚያዘጋጅ የባልትና ፋብሪካ እንውሰድ። መሥራቿ ወይዘሮ ዋና ሥራ አስኪያጅ ናቸው፤ ወንድማቸው ግዥውን፣ ልጃቸው ሽያጩን ይመራሉ። ፋብሪካው ለማስረዳት የታሰበ እንጂ በስም የሚጠራ አይደለም፤ ሆኖም በአካባቢው የሚሠራ ሰው አወቃቀሩን ወዲያው ያውቀዋል። ባለቤትየዋ ወደ ጂቡቲና ወደ ናይሮቢ መሸጥ፣ ቀጥሎም አውሮፓና አሜሪካ ላሉ ወገኖች ማቅረብ ይፈልጋሉ።

በሥራ ላይ ያለውን መዋቅር ማውጣት

በግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የመዋቅር ሥዕል ለጊዜው ይተዉት። የቅርብ ጊዜ ሃያ ያህል ትዕዛዞችን ከመዝገብ ያውጡና ለእያንዳንዳቸው ዋጋውን ማን እንደወሰነ፣ ዱቤውን ማን እንደፈቀደ፣ ጥሬ ዕቃው እንዲገዛ ማን እንዳዘዘ፣ ምርቱ ከመጋዘን እንዲወጣ ማን እንደፈረመና በየመካከሉ ወረቀቱ ስንት ቀን እንደቆመ ይጻፉ። ማህተሙና ቲተሩ በማን መሳቢያ ውስጥ እንደሚውሉም አብረው ይመዝግቡ፤ በእኛ አሠራር ሥልጣን የሚገኘው ማህተሙ ባለበት ነውና።

በምሳሌያችን ፋብሪካ ይህ ሥራ ቢሠራ ውጤቱ ለመገመት አያስቸግርም። የሽያጭ ኃላፊው በስም ኃላፊ ቢሆንም የእያንዳንዱን ትዕዛዝ ዋጋ የሚወስኑት እናቱ ናቸው፤ እሳቸው መርካቶ ከደንበኛ ጋር ከዋሉ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ያድራል። የአገር ውስጥ ደንበኛ ይህን ስለለመደው ይታገሣል። የናይሮቢ ገዢ ግን የጠየቀው ፕሮፎርማ በማግስቱ ካልደረሰው ወደ ሌላ አቅራቢ ይሄዳል፤ ለምን እንደሄደም አይነግርዎትም። ስለዚህ ወረቀቱ በብዛት የሚቆምበትን ቦታ ለይተው ማወቅ፣ ገበያ ከማፈላለግ በፊት የሚመጣ ሥራ ነው።

አሜሪካዊው የንግድ ታሪክ ተመራማሪ አልፍሬድ ቻንድለር እንደ ዱፖንትና ጄኔራል ሞተርስ ያሉ ኩባንያዎችን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1962 ባቀረበው ሥራ፣ ኩባንያዎች ስልታቸውን ሲቀይሩ መዋቅራቸውም ዘግይቶ እንደሚከተል፣ በመካከል ያለው መዘግየትም ብዙ ኪሳራ እንደሚያስከትል አሳይቷል። ለመካከለኛ ፋብሪካ ይህ መዘግየት ከትልቅ ኩባንያ ይልቅ የከፋ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ትልቁ የሚቋቋመውን የአንድ ዓመት ኪሳራ ትንሹ አይቋቋመውምና።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ የኤክስፖርት ክፍልና የጥራት ኃላፊው ቦታ

የመጀመሪያው ለውጥ ትንሽ መሆን አለበት። አንድ የኤክስፖርት ኃላፊና አንድ የሰነድ ባለሙያ ይበቃሉ። ኃላፊው በአገር ውስጥ ሽያጭ ሥር መቀመጥ የለበትም፤ በዚያ ከተቀመጠ የበዓል ሰሞን ሲመጣና የአገር ውስጥ ገበያ ሲደራ የውጭው ትዕዛዝ ወደ ኋላ ይገፋል። በቀጥታ ለዋና ሥራ አስኪያጅ ተጠሪ ይሁን፤ የውጭ ገዢዎች ደብዳቤ፣ የትራንዚተር (የጉምሩክ አስተላላፊ) ግንኙነት፣ የባንክ ሰነድና የመነሻ ሰርተፍኬት ሁሉ በእርሱ በኩል ይለፉ። ከጂቡቲ ወደብ ጋር የሚያያዘው ጭነት በእንዶዴ የባቡር ጣቢያም ይሂድ በመኪና፣ ኮንቴይነሩ የት እንደደረሰ መልስ የሚሰጥ አንድ ሰው ብቻ ሊኖር ይገባል።

ከዚህ ይልቅ ሰፋ አድርጌ ላነሳው የምፈልገው የጥራት ክፍሉን ቦታ ነው፤ በምግብ ፋብሪካ ውስጥ ወደ ውጭ መውጣት የሚሳካውም የሚከሽፈውም በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። በብዙ ፋብሪካዎች የጥራት ተቆጣጣሪው ተጠሪነቱ ለምርት ኃላፊው ነው። የምርት ኃላፊው የሚመዘነው ባወጣው ኩንታል ስለሆነ፣ የጥራት ሠራተኛው «ይህ ይቁም» ለማለት አቅም የለውም። የውጭ ገበያ ደግሞ ይህን ድክመት ወዲያው ያጋልጣል። አፍላቶክሲን ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት በበርበሬ ውስጥ የሚፈቅደው የአፍላቶክሲን ቢ1 መጠን በኪሎ ግራም 5 ማይክሮግራም፣ የአፍላቶክሲኖች ድምር ደግሞ 10 ማይክሮግራም ነው፤ ከኢትዮጵያ በሚሄዱ ቅመማ ቅመሞች ላይም ድንበር ላይ ተጨማሪ ፍተሻ ያደርጋል። ይህ መርዝ የሚመነጨው ፋብሪካው ውስጥ ብቻ አይደለም። በደንብ ሳይደርቅ የተከማቸ፣ ወይም እንዳይሰባበርና ክብደት እንዲጨምር ውሃ የተረጨበት በርበሬ ሻጋታውን ይዞ ይመጣል፤ ከተፈጨ በኋላ ማስተካከል አይቻልም።

ከዚህ የሚከተለው የመዋቅር ውሳኔ ግልጽ ነው። የጥራት ኃላፊው ተጠሪነቱ ለዋና ሥራ አስኪያጅ ይሁን፤ ከማረቆም ይምጣ ከአላባ፣ በርበሬ ገና በመኪና ላይ ሳለ እርጥበቱን ለክቶ «አይራገፍ» የማለት ሥልጣን በጽሑፍ ይሰጠው። በምሳሌያችን ይህ ማለት የባለቤትየዋ ወንድም የገዙትን ጭነት አንድ ወጣት የላቦራቶሪ ባለሙያ ሊመልሰው ይችላል ማለት ነው። በቤተሰብ ድርጅት ውስጥ ይህ ከባድ ነው። ስለሆነም ሥልጣኑ ለሰውየው የተሰጠ ሞገስ መስሎ እንዳይታይ፣ የእርጥበት መጠኑ ገደብ በቁጥር ተጽፎ፣ በግዥ ውሉ ላይም ሰፍሮ፣ ታላቅ ወንድምም ሆኑ ታናሽ ባለሙያ በአንድ ወረቀት የሚዳኙበት ሥርዓት ይዘርጋ።

ወደ አሜሪካ የሚልክ የምግብ ፋብሪካ ደግሞ በአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መመዝገብ፣ እዚያ ነዋሪ የሆነ ወኪል መሰየምና ምዝገባውን በየሁለት ዓመቱ ማደስ አለበት። ዕድሳቱ በጎርጎርዮሳዊው ጥንድ ቁጥር ባላቸው ዓመታት ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ይካሄዳል። ወደ ኬንያ የሚላክ ምርት በአገሪቱ የደረጃዎች ቢሮ የቅድመ ጭነት ማረጋገጫ ሥርዓት ማለፍ ይጠበቅበታል። እንዲህ ያለውን ቀን የሚያስታውስ ሰው በሥራ መዘርዝር ላይ በስሙ ካልተመደበ ማንም አያስታውሰውም።

አከፋፋይ፣ ቅርንጫፍ ወይስ ተቀጥላ ኩባንያ?

በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጃን ዮሃንሰንና ጃን ኤሪክ ቫልነ እ.ኤ.አ. በ1977 እንደገለጹት፣ ኩባንያዎች ወደ ውጭ የሚወጡት ደረጃ በደረጃ፣ ገበያውን ባወቁ መጠን ሀብታቸውን እየጨመሩ ነው፤ አስቀድሞ አልፎ አልፎ መላክ፣ ቀጥሎ በወኪል መሸጥ፣ ከዚያ የራስ የሽያጭ ድርጅት፣ በመጨረሻም ማምረቻ። አንዳንድ አዳዲስ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ይህን ቅደም ተከተል እንደሚዘሉ አውቃለሁ። መጋዘን፣ ክምችትና የመጠቀሚያ ጊዜ ያለው ምርት ላለው ፋብሪካ ግን ደረጃውን ጠብቆ መሄድ ይሻላል።

በመጀመሪያው ምዕራፍ ጥሩ አከፋፋይ ይበቃል። ውሉ ሲዋዋል የተወሰነ ጊዜና የተወሰነ አነስተኛ የሽያጭ መጠን ይኑረው፤ ያ መጠን ካልተሟላ ብቸኛ አከፋፋይነቱ እንዲቀር ይጻፍበት። የንግድ ምልክቱን በአከፋፋዩ ስም እንዲመዘገብ ፈጽሞ አይፍቀዱ፤ ምዝገባው በእርስዎ ድርጅት ስም፣ ሽያጩ ከመጀመሩ በፊት ይከናወን። ክርክር ቢነሳ በግልግል ዳኝነት እንዲታይ መስማማት ይቻላል፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 የኒውዮርኩን የግልግል ውሳኔዎች ስምምነት ስለተቀላቀለች፣ በአባል አገር የተሰጠ ውሳኔ የሚፈጸምበት መንገድ አለ።

ቅርንጫፍ ሕጋዊ ሰውነቱ የእናት ድርጅቱ ነው፤ ናይሮቢ ላይ የተፈጠረ ዕዳ ገላን ያለውን መጋዘን ሊነካ ይችላል። ተቀጥላ ኩባንያ ግን በሄደበት አገር ሕግ የተቋቋመ፣ የራሱ ዕዳና የራሱ ግብር ያለው ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ስለ ኩባንያዎች ቡድን ድንጋጌዎች ስላሉት፣ ሁለተኛ ኩባንያ ከማቋቋምዎ በፊት ጠበቃዎ ያንን ክፍል ያንብብልዎት። እናት ድርጅቱ ለተቀጥላው በምን ዋጋ እንደሚሸጥም አስቀድሞ ይወሰን፤ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ተዛማጅ ድርጅቶች እርስ በርሳቸው ሲሸጡ ዋጋው ከባዕድ ጋር በሚደረግ ግብይት የሚገኘውን ያህል እንዲሆን ይጠይቃል፤ የዋጋው ስሌት በፋይል ይቀመጥ።

ገንዘቡ ከየት ይወጣል የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ይቀድማል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ባወጣው የውጭ ምንዛሪ መመሪያ ላኪዎች ካገኙት ምንዛሪ 50 በመቶውን በሂሳባቸው እንዲይዙ ፈቅዶ ነበር፤ መመሪያዎቹ ስለሚሻሻሉ የወቅቱን ከባንክዎ ያረጋግጡ። በውጭ አገር ኩባንያ ለማቋቋም ካፒታል መላክ ግን ከላኪነት የተለየ ጉዳይ ነውና፣ ቢሮ ከመከራየትዎ በፊት ከብሔራዊ ባንክ በጽሑፍ የተሰጠ መልስ በእጅዎ ይግባ።

ስለ ሰነዶችም አንድ ነገር ልጨምር። መመሥረቻ ጽሑፍ፣ የንግድ ፈቃድና የውክልና ሥልጣን ወደ ውጭ ሲሄዱ ተተርጉመው፣ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በተቀባዩ አገር ኤምባሲ መረጋገጥ አለባቸው። የሥራ አስኪያጁ ስም እስከ አያት ድረስ በሁሉም ሰነድ ላይ በአንድ ዓይነት የላቲን አጻጻፍ ይጻፍ። በፓስፖርቱ አንድ ፊደል፣ በውክልናው ሌላ ፊደል ከሆነ የናይሮቢ ባንክ ሁለት ሰዎች አድርጎ ያያቸዋል፤ ሂሳብ ለመክፈትም ሳምንታት ይፈጃል።

የውሳኔ ሰነዱን መጻፍ

የዚህ መመሪያ ዋና ጉዳይ ይህ ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ወስደው በግራ በኩል ውሳኔዎቹን፣ በቀኝ በኩል ወሳኞቹን ይጻፉ። የመነሻ ዋጋ፣ የቅናሽ ገደብ፣ የዱቤ መጠንና ቀን፣ ሠራተኛ መቅጠርና ማሰናበት፣ የማስታወቂያ ወጪ፣ የማሸጊያ ለውጥ፣ የቅመማው ውሕደት፣ የባንክ ፊርማ፣ የተበላሸ ዕቃ ተመላሽ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ ግንኙነት፤ እነዚህ ሁሉ በየስማቸው ይቀመጡ። ለእያንዳንዱ አንድ ወሳኝ ብቻ ይኑር፤ ሌሎች ይማከራሉ ወይም ይነገራቸዋል።

የትኛው ገላን ይቅር፣ የትኛው ናይሮቢ ይሂድ ለሚለው እኔ የምከተለው መለያ አለኝ። ስህተቱ መላውን ድርጅት የሚጎዳ ውሳኔ ማዕከል ይቆያል፤ ስህተቱ በዚያው ገበያ የሚያልቅ ውሳኔ እዚያው ይሰጣል። የበርበሬው ውሕደት፣ የንግድ ምልክቱ፣ የጥራት ገደቡና ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ብድር የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው። የሱቅ ማሳያ፣ እስከ ተወሰነ በመቶኛ የሚደርስ ቅናሽ፣ የሹፌር ቅጥር፣ የአነስተኛ ደንበኛ ዱቤ የሁለተኛው ዓይነት ናቸው። የናይሮቢ ኃላፊው አምስት በመቶ ቅናሽ ለመስጠት ስልክ መደወል ካለበት፣ ኃላፊ ተብሎ የተላከው ሰው ተላላኪ ነው፤ ጥሩ ሰው ከሆነም ብዙ አይቆይም። በተቃራኒው ቅመሙን ለአካባቢው ጣዕም ብሎ በራሱ ሥልጣን ካለሳለሰው፣ ከአንድ ዓመት በኋላ በአንድ ስም ሁለት የተለያዩ በርበሬዎች ይሸጣሉ።

በባንክ ፊርማ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ፤ ከተወሰነ መጠን በላይ ሁለት ፊርማ ያስፈልጋል፣ ከሁለቱም አንዱ የፋይናንስ ሰው ይሁን። የቅርንጫፉ ሂሳብ ሹም በቀን ሥራው ለቅርንጫፉ ኃላፊ ቢታዘዝም፣ በሂሳብ አያያዝ ጉዳይ ተጠሪነቱ ለገላኑ የፋይናንስ ኃላፊ ይሁን። ይህ ታማኝነትን መጠራጠር ተደርጎ እንዳይወሰድ ከመጀመሪያው ቀን ለሁሉም ይነገር፤ ዘግይቶ የመጣ ቁጥጥር ሁልጊዜ ክስ ይመስላልና።

በዚያው ሰነድ ላይ የቀንና የሰዓት አጠቃቀም ይደንገግ። የእኛ የበጀት ዓመት የሚጀምርበት ሐምሌ 1 በጎርጎርዮሳዊው ጁላይ 8 ላይ ይውላል፤ ስለዚህ የሐምሌ ወር ሪፖርት ሲባል ገላንና ናይሮቢ በአንድ ሳምንት የሚለያዩ ሽያጮችን ይቆጥራሉ፣ ሁለቱ ሂሳቦችም በፍጹም አይታረቁም። ለውስጥ ሪፖርት አንድ የዘመን አቆጣጠር ይመረጥ፤ ከውጭ ጋር የሚደረግ ማንኛውም ውል ደግሞ በጎርጎርዮሳዊው ብቻ ይጻፍ። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች በንግግራቸው እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ሰዓት ስለሚቆጥሩ መግባባቱ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ በጽሑፍ ግን ዓለም አቀፉን ይጠቀማሉ፣ እኛም እንዲሁ ማድረግ አለብን። ጂቡቲ ዓርብ የዕረፍት ቀን መሆኑን የማያውቅ የሰነድ ባለሙያ ሐሙስ ማታ የላከው ደብዳቤ ዓርብ አይነበብለትም፤ እሑድ እነሱ ሲሠሩ ደግሞ እኛ ዝግ ነን።

ገበያው ከአንድ አገር ሲያልፍ

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። የመጀመሪያው አገር ወጪውን መሸፈን ሳይጀምር ሁለተኛ ቢሮ አይክፈቱ። ሲከፍቱ ግን ከኤክስፖርት ክፍል ወደ ዓለም አቀፍ መምሪያ ማደግ ተገቢ ነው፤ የመምሪያው ኃላፊም ከአገር ውስጥ ሽያጭ ኃላፊው ጋር እኩል ደረጃ ይኑረው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጆን ስቶፕፎርድና ሉዊስ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1972 ትላልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አጥንተው አሳይተዋል። በውጭ የሚሸጠው የምርት ዓይነት እየበዛ የሄደባቸው ኩባንያዎች በምርት ዘርፍ ተዋቀሩ፤ ምርታቸው ጥቂት ሆኖ የውጭ ሽያጩ ድርሻ ያደገባቸው ደግሞ በአካባቢ ተከፈሉ። የባልትናው ፋብሪካ ምርቱ በርበሬና ሽሮ ሆኖ ገበያው ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚሰፋ ከሆነ በአካባቢ ይከፈል። እንጀራና የታሸገ ወጥ የመሳሰሉ፣ ሌላ ማሽንና ሌላ የቅዝቃዜ ሰንሰለት የሚጠይቁ ምርቶችን ከጨመረ ግን የምርት ዘርፍ ኃላፊ ያስፈልገዋል።

ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለማግኘት ብለው ሠራተኛውን ለአካባቢ ኃላፊም ለምርት ኃላፊም ተጠሪ የሚያደርጉ አሉ፤ ማትሪክስ የሚባለው ይህ ነው። የስዊድኑ አሴአና የስዊዘርላንዱ ብራውን ቦቬሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ተዋሕደው የመሠረቱት የኤሌክትሪክ መሣሪያ አምራች ኤቢቢ በዚህ አደረጃጀቱ በዓለም ሁሉ ሲጠቀስ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ራሱ ትቶታል። ያን ያህል ሥራ አስኪያጅና የመረጃ ሥርዓት ያለው ኩባንያ የከበደውን፣ ጥቂት ኃላፊዎች ያሉት የገላን ፋብሪካ እንዲሸከመው አልመክርም።

ከአገራችን የሚጠቀሰው ምሳሌ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። ሎሜ (ቶጎ) ላይ ካለው አስካይ አየር መንገድ ጋር በስትራቴጂያዊ አጋርነት ሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ በማላዊ አየር መንገድ 49 በመቶ ድርሻ ይዟል። መጠኑ ከእኛ ጋር አይወዳደርም፤ ነገር ግን በሌላ አገር ሙሉ ባለቤት ሳይሆኑ አሠራርንና ሙያን ይዞ መግባት እንደሚቻል ያሳያል። በሽርክና የሚገባ ፋብሪካም ከድርሻው መቶኛ ባልተናነሰ ሥራ አስኪያጁንና የፋይናንስ ኃላፊውን ማን እንደሚሰይም አጥብቆ ይደራደር።

የሚላከው ሰው

ለዚህ ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ከቤተሰብ የሚላክ ሰው ካለ የውሳኔ ሰነዱ እንደ ማንኛውም ቅጥር ሠራተኛ ይገዛው፤ ከእናቱ ጋር በግል ስልክ የሚደረግ ስምምነት የመምሪያውን ኃላፊ ሥልጣን ያፈርሳል። ሽያጩን የሚመራው ሰው ከዚያው አገር ቢቀጠር፣ ጥራትንና ሂሳብን የሚያውቅ አንድ ሰው ከገላን ቢላክ፣ ከሁለቱም የሚገኘው ይሰበሰባል። የሚላከው ሰው ሲመለስ የሚይዘው የሥራ መደብም ከመሄዱ በፊት ይታወቅ።

የመውጫ ሁኔታ

ቢሮው ከመከፈቱ በፊት በምን ሁኔታ እንደሚዘጋ ይጻፍ። የብሪታንያው የመጠጥ ኩባንያ ዲያጆ የሰበታውን ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ለፈረንሳዩ የመጠጥ ኩባንያ ካስቴል ሸጦ ወጥቷል፤ የዚያን ያህል አቅም ያለው ኩባንያም ቢሆን መውጣትን ከአማራጮቹ አላስወጣም። በእርስዎ ሰነድ ላይ የሚፈቀደው ከፍተኛ ድምር ኪሳራ በብር ይቀመጥ፤ የሚገመገምበት ወር ይወሰን፤ ግምገማውን የሚያቀርበው የፋይናንስ ኃላፊው እንጂ ቢሮውን የሚመራው ሰው አይሁን። የመጋዘን ኪራይ ውሉ ከዚያ ወር የሚረዝም ከሆነ፣ ከመፈረምዎ በፊት አከራዩ የማቋረጫ አንቀጽ እንዲያስገባ ይጠይቁ፤ እምቢ ካለ ሌላ መጋዘን ይፈልጉ።